ጎራዴና ገጀራ ለቤት ጥበቃ ምን ያህል ይጠቅማሉ? ለጎጃም ቤቶች የተዘጋጀ መመሪያ

በጎጃም አንዳንድ ቤት ሲገባ ከምሰሶው ወይም ከመደቡ በላይ ካለው ግድግዳ ላይ አሮጌ ጎራዴ በአፎቱ እንዳለ ተሰቅሎ ይታያል፤ ጎራዴ በሌለበት ቤትም ከበሩ ኋላ ገጀራ፣ ከአልጋው ሥር ደግሞ መጥረቢያ አይታጣም። ባለቤቱ «ይህ ለምን እዚህ ተቀመጠ?» ተብሎ ቢጠየቅ «ለሌሊት እንግዳ ነው» ብሎ ይመልሳል እንጂ፣ ያ የሌሊት እንግዳ በእርግጥ ቢመጣ ስለቱን ከየት አንሥቶ፣ በየት በኩል ሰንዝሮ፣ ማንን እንደሚመታ አስቦበት አያውቅም። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ነገሩ በቀን፣ በረጋ ልብ እንዲታሰብበት ነው። አስተያየቴን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ረጅም ስለት በጠባብ ቤት ውስጥ ለባለቤቱ የሚሰጠው ከለላ ከሚያመጣበት ጣጣ ያነሰ ነው፤ በር፣ ግድግዳ፣ መብራት፣ ውሻና ጎረቤት ከተሟሉ በኋላ በእጅ የሚያዝ ነገር ቢያስፈልግ እንኳ ከጎራዴው ይልቅ ዱላውን እመርጣለሁ።

ጎራዴው የተሠራበት ምክንያት

ጎራዴ የሜዳ መሣሪያ ነው። ጎበጥ ያለው ስለቱ በፈረስ ላይ ተቀምጦ ወይም በእግር እየሮጡ እየሰነዘሩ ለመቁረጥ እንዲመች ሆኖ የተሠራ ሲሆን፣ የቀድሞው ወታደር የሚመዘውም ጦሩን ከወረወረ ወይም ጥይቱን ከጨረሰ በኋላ፣ ዙሪያው ገላጣ በሆነ ቦታ ነበር። ግራ እጁ ጋሻ ስለሚይዝ ጎራዴውን የሚታጠቀው በቀኝ ወገቡ ነበር፤ ይህም መሣሪያው ብቻውን እንዲሠራ ታስቦ እንዳልተበጀ ያሳያል። ሾተል ደግሞ እንደ ማጭድ የቆለመመ፣ በሁለት ወገን የተሳለ ስለት ነው፤ ያ ሁሉ ጉብጠት የተፈለገውም የባላጋራን ጋሻ ዞሮ ከጋሻው ኋላ ያለውን ሰው ለማግኘት ነው። ጋሻ መክቶ ፍየል ሊሰርቅ የሚመጣ ሌባ በዘመናችን ስለሌለ፣ የሾተል ዋና ብልሃት ለእኛ ቤት ፋይዳ የለውም።

ገላጣ ቦታ፣ የቀን ብርሃንና ጋሻ የጎራዴ ሦስት ጓደኞች ናቸው ቢባል፣ በሌሊት መኝታ ቤት ውስጥ ሦስቱም የሉም።

ክፍሉን በሜትር መለካት

ጎራዴን በቤቱ ሊገለገልበት የሚያስብ ሰው ከሁሉ በፊት ሜትር አውጥቶ ክፍሉን ይለካ። የጎራዴ ጠቅላላ ርዝመት ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ከትከሻ እስከ ጭብጥ ያለው የጎልማሳ ክንድ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ከጭብጡ የሚወጣው ስለት 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ እጁን ዘርግቶ የሚሰነዝር ሰው በየአቅጣጫው 1.4 ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል። ይህም ማለት በመካከል ቆሞ ሲዞር ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ይወስዳል ማለት ነው። በደብረ ማርቆስ ወይም በፍኖተ ሰላም የሚከራይ 3 በ4 የሆነ አንድ ክፍል አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ጠረጴዛና የውሃ ጀሪካን ከገባበት በኋላ ለሰው መቆሚያ የሚተርፈው ቦታ ከዚህ ግማሽ አይሞላም። ወደ ላይ ማንሣትም ያው ነው፤ 1.70 ሜትር የሚረዝም ሰው እጁን ሲያነሣ ጭብጡ 2 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ 80 ሴንቲ ሜትር ስለት ሲጨመርበት ኮርኒሱን አልፎ ይሄዳል። በገጠሩ ቤትም ቆጡ፣ ማገሩና ከማገሩ የተንጠለጠለው ዕቃ ሁሉ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ይህን እኔ በቁጥር ሳይሆን በኀፍረት ነው የተማርሁት። በልጅነቴ ደምበጫ አካባቢ በነበረው በአያቴ ቤት ሰው በሌለበት ሰዓት ጎራዴውን ከምሰሶው አውርጄ፣ በሠርግ እንዳየኋቸው ፎካሪዎች አንድ ጊዜ ልሰነዝር ስል ጫፉ ከቆጡ ማገር ላይ ተሰክቶ ቀረ። ብጎትተው፣ ብንጠለጠልበት እንቢ አለኝ። አያቴ ሲመለሱ በአንድ እጃቸው ነቅንቀው አወጡትና «ይህን ጊዜ ጠላት ከደጅ ቢሆን ኖሮ ቆይ ልንቀለው ትለው ነበር?» አሉኝ። አልመቱኝም፤ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

የእናንተ ቤት የተለየ እንደሆነ ለማወቅ የሚከተለውን ሙከራ ማድረግ ይቻላል። ከጎራዴው ወይም ከገጀራው እኩል የሆነ ቀጭን የባሕር ዛፍ አጠና ይቆረጥና ጫፉ በጨርቅ ይጠቅለል። ቤተሰቡ ውጭ ሳለ፣ አምፖሉ ጠፍቶ ወይም ኩራዙ ተነሥቶ፣ ሰውዬው እንደ ተኛ ሰው በአልጋው ላይ ይጋደምና ሌላ ሰው በሩን ሲያንኳኳ ተነሥቶ አጠናውን ከተለመደ ቦታው ያንሣ፤ ከዚያም ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይሰንዝር። ስንት ጊዜ ከግድግዳ፣ ከቁም ሣጥን፣ ከአልጋው ራስጌ ጋር እንደ ተጋጨ ይቁጠር። በሦስተኛውና በአራተኛው ሙከራ ላይ ልጆቹ የሚተኙበትን ቦታ በትራስ ምልክት አድርጎ ቢደግመው፣ ይህን መመሪያ እስከ መጨረሻው ማንበብ ላያስፈልገው ይችላል።

የጊዜውም ነገር አለ። የአሜሪካዋ የሶልት ሌክ ሲቲ ከተማ የፖሊስ አሠልጣኝ የነበረው ዴኒስ ቱለር በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ስለት የያዘ ሰው 6.4 ሜትር ያህል ርቀት ሮጦ ለመድረስ 1.5 ሰከንድ ገደማ እንደሚበቃው በሙከራ አሳይቷል። በእኛ ክፍል ከበሩ እስከ አልጋው ያለው ርቀት ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ጎራዴን ከአፎቱ ለማውጣት ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ ክረምቱ የቆዳ አፎቱን ካረጠበውና ስለቱ ከዛገ ደግሞ ጉልበትም ያስፈልጋል። እንቅልፍ ያልለቀቀው ሰው ብርድ ልብሱን ገፎ፣ ተነሥቶ፣ አፎቱን ዳብሶ እስኪያገኝ ሌባው ወይ ሸሽቶ ወጥቷል ወይ ከራስጌው ቆሟል።

የየመሣሪያው ባሕርይ

ገጀራ ከጎራዴ ያጥራል፤ ስለዚህ በቤት ውስጥ ለማንቀሳቀስ ይቀላል። ነገር ግን ገጀራም የሚሠራው በመሰንዘር ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ለመመልመል የተመቸው ክብደቱ ሰውን ሲያገኝ እጅን ወይም ራስን የሚያጎድል ነው፤ «ትንሽ አስፈራርቼ ልመልሰው» ለሚል ሰው መካከለኛ ደረጃ የለውም። መጥረቢያ ከዚህም ይከፋል። ክብደቱ ሁሉ ጫፉ ላይ ስለሆነ አንዴ ከሳተ ለመመለስ ጊዜ ይወስዳል፤ ያ ጊዜ ደግሞ ሌላው ሰው ገብቶ ዛቢያውን የሚይዝበት ነው። የወጥ ቤት ቢላዋ ከሁሉም ይልቅ መጥፎ ምርጫ ነው፤ ሌባውን አቅፎ እስኪይዙት ድረስ መቅረብን ይጠይቃል፤ እጀታው ላይ እጅን የሚያግድ ነገር ስለሌለውም ሲወጋ የወጊው ጣት በደም ተንሸራቶ በራሱ ስለት ይቆረጣል።

ጦር ለጠባብ ቦታ ከጎራዴ ይሻላል። መሰንዘር አይፈልግም፤ ከአልጋው ማዶ ወደ በሩ አቅንቶ መያዝ ብቻ ይበቃዋል፤ የክፍሉ ጥበትም ሌባው በሌላ በኩል እንዳይዞር ስለሚከለክለው ለያዡ ይጠቅመዋል። ጉድለቱ ሁለት ነው፦ 2 ሜትር የሚደርስ ጦር በክፍል ውስጥ አይዞርም፤ ደግሞም የጦር ቁስል ሆድና ደረት ላይ ሲሆን ውጤቱ ሞት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ወደ ዱላ እንመለስ። ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር የሚሆን ጠንካራ የወይራ ዱላ በሁለት እጅ እንደ ጦር አግድሞ ሲያዝ ሰውን ከርቀት ለመግፋት፣ በር ላይ ለማገድ፣ የተዘረጋ እጅን ለመመለስ ያስችላል። አፎት የለውም፤ አይዝግም፤ በጨለማ ቢስትና የራስን ልጅ ቢያገኝ ከገጀራ የሚለየው ልዩነት የሕይወት ልዩነት ነው። ይህ ማለት ግን ዱላ አይገድልም ማለት አይደለም፤ ራስ ላይ ያረፈ ዱላ ስንቱን እንደ ቀበረ የጠላ ቤት ጠብ ያየ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ መግፋትና ክንድን ወይም እግርን መመለስ እንጂ ራስን ማለም አይገባም። የሚገርመኝ ነገር ቢኖር፣ የጎጃም ሰው ዱላውን ቀኑን ሙሉ በትከሻው ተሸክሞ ውሎ ማታ ሊተኛ ሲል ከውጭ በረንዳ ላይ፣ ሌባው በቀላሉ በሚያገኘው ቦታ አቁሞት መግባቱ ነው። ዱላው ከአልጋው አጠገብ ይደር።

ሌባው ጠመንጃ ይዞ ከመጣ ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ አይሠራም። ከብቱም፣ ስልኩም፣ ገንዘቡም ይሂድ።

ስለት መግዛት ግድ ከሆነ

ይህን ሁሉ አንብቦ ገጀራ ወይም ጎራዴ ለመግዛት የቆረጠ ሰው ቢያንስ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ለይቶ ይግዛ። ለጌጥ ተብለው የሚሸጡ የሚያብረቀርቁ ጎራዴዎች በአብዛኛው ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ናቸው፤ ይህ ብረት ለአጭር ቢላዋ ጥሩ ቢሆንም በረጅም ስለት ላይ መታጠፍንና መመታትን አይችልም፤ ይሰበራል። ዋናው ድካማቸው ደግሞ ከእጀታው ውስጥ ነው። በደንብ የተሠራ ስለት የብረቱ ጅራት ሳይቀጥን እጀታውን ዘልቆ ከጫፉ ላይ በመዶሻ የተመታ ወይም በምስማር የተያዘ ነው፤ የጌጡ ጎራዴ ግን ጅራቱ እንደ አይጥ ጅራት የቀጠነ፣ አንዳንዴም በብየዳ የተቀጠለ ቡሎን ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን የሰነዘረ ሰው እጀታው በእጁ ቀርቶ ስለቱ በክፍሉ ውስጥ ሲበር ሊያይ ይችላል፤ ወዴት እንደሚበርም አይታወቅም።

የአገራችን ቀጥቃጮች ከመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጠው የሚሠሩት ገጀራ ከዚህ እጅግ የተሻለ ነው፤ የባሌስትራ ብረት መታጠፍን ችሎ እንዲመለስ ሆኖ የተሠራ ነውና። ሲገዙ እጀታውን ጨብጠው ስለቱን በእንጨት ላይ ቀስ አድርገው ይምቱ፤ ከእጀታው ውስጥ መንኳኳት ወይም መነቃነቅ ከተሰማ ይተዉት። ለሥራ ያልዋለ፣ ሞረድ ያላየ ገጀራ ለሌሊት አይታመንም፤ እንጨት የሚመለምሉበት የሥራ ገጀራ ካለዎት ሌላ መግዛት አያስፈልግም።

ከስለቱ በፊት የሚመጡት

የጭቃ ቤት ሌባ ብዙ ጊዜ በበር አይገባም፤ ግድግዳ ሰርስሮ ነው የሚገባው። ስለዚህ በጎጃም ገጠር የቤት ጥበቃ የሚጀምረው ከግድግዳው ሥር ነው። ድንጋይ በማይጠፋበት አገር ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ያለውን የግድግዳውን ክፍል በድንጋይ መገንባት፣ በተለይም ከጎተራውና ከበረቱ ወገን፣ በየሌሊቱ ነቅቶ የሚያድር ዘበኛ እንደ መቅጠር ነው። ከዚህ ውጭ ባለው ዙሪያ ቀጋና አጋም የተጠላለፈበት አጥር ካለ ሌባው ሲገባ ይቧጠጣል፤ ሲወጣም ከብት ይዞ ማለፍ አይችልም።

በሩ ላይ ሳንቃው ቢወፍርም ማጠፊያው በአጭር ምስማር ከተመታ ምንም አይጠቅምም፤ በአንድ ርግጫ ከመቃኑ ይነቀላል። ከውስጥ በኩል በሁለቱ መቃኖች ላይ በተተከሉ ብረቶች ውስጥ የሚገባ አግዳሚ የወይራ መቀርቀሪያ ከጓጉንቸር ይበልጣል፤ ጓጉንቸር ሰው በሌለበት ቤት ነው ጥቅሙ። መቀርቀሪያው ሌባውን ለዘለዓለም አያቆመውም፤ ነገር ግን በሩን በድምፅ እንዲሰብር ያስገድደዋል። ሌሊት የሚያስፈልገውም ድምፅ ነው።

ውሻ ይኑር፤ በየዓመቱም የእብድ ውሻ ክትባት ከወረዳው የእንስሳት ሕክምና ይከተብ። እስኪነጋ ሲያበራ የሚያድር የሶላር መብራት ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ወደ ደጁ ይስቀሉ፤ የእጅ ባትሪ ደግሞ ከትራሱ ሥር ይደር። ከጎራዴና ከእጅ ባትሪ አንዱን ብቻ እንድመርጥ ብገደድ ባትሪውን እመርጣለሁ፤ በጨለማ የመጣው ሌባ ይሁን ከሩቅ አገር ያለ ቀጠሮ የመጣ የእኅት ልጅ የሚያሳየኝ እርሱ ነውና።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ኡኡታ ነው። በጎጡ ውስጥ ኡኡ ሲባል ጎረቤት ገጀራውንና ዱላውን ይዞ መውጣቱ የቆየ ልማድ ነው፤ ይሁን እንጂ ይህ ልማድ ሥርዐት ካልተበጀለት ራሱ አደጋ አለው። በጨለማ ከአራት አቅጣጫ ስለት ይዘው የሚሮጡ ሰዎች መጀመሪያ የሚገናኙት እርስ በርሳቸው ነው። ስለዚህ ጎረቤታሞች አንድ ቀን ከዕድር በኋላ ተቀምጠው ማን በየት በኩል እንደሚወጣ፣ ሲገናኙ በምን ቃል እንደሚለዩ፣ ስለት የያዘ ሰው ባትሪ ሳያበራ እንዳይንቀሳቀስ ይወስኑ። ድምፁ ለማይሰማ፣ ለታመመና ብቻውን ለሚኖር አዛውንት ፊሽካ ይሰጠው።

ሕጉና ደሙ

ብዙ ሰው «ቤቴ የገባን ሌባ ብገድል ማን ይጠይቀኛል?» ይላል። ሽማግሌዎችም ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22ን ያነሣሉ፤ በዚያ ቤት ሲምስ የተገኘ ሌባ ተመትቶ ቢሞት ለመታው የደም ዕዳ አይሆንበትም ተብሏል። ወዲያው የሚከተለው ቃል ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም፦ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ከሆነ የደም ዕዳ አለበት። የኦሪቱ ሕግ ራሱ ጨለማውን ከብርሃኑ፣ ማየት ያልቻለውን ማየት ከቻለው ለይቷል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ጥቃቱ ከሕግ ውጭ የሆነ፣ የደረሰ ወይም ሊደርስ የቀረበ፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ ያልቻለ መሆን አለበት፤ መከላከሉም ከአደጋው ክብደትና ከሚጠበቀው መብት ጋር የተመጣጠነ ሊሆን ይገባል። በዚህ መስፈርት ሦስት ሌሊቶችን እንመዝን። ሌባ ቢላዋ ይዞ ከአልጋው ራስጌ ቆሞ ሚስትዮዋን ቢያስፈራራና ባልየው በዱላ ወይም በገጀራ ቢመታው፣ የሚከላከለው ሕይወት ነው። ሌባው ግድግዳውን ሰርስሮ እጁን ብቻ ሲያስገባ ባለቤቱ ያን እጅ በገጀራ ቢቆርጠው፣ ባትሪ ማብራትና ኡኡ ማለት ሊያባርረው ይችል እንደ ነበር ዳኛው ይጠይቃል። ሌባው ፍየሏን ጥሎ አጥር ዘልሎ ሲሸሽ ተከትሎ ከኋላው በጎራዴ የመታው ሰው ግን እየተከላከለ አይደለም።

አንቀጽ 79 ከመጠን ያለፈን ሰው ቅጣት ዳኛው እንዲያቀልለት ያዛል፤ ያለፈውም በጥቃቱ ምክንያት በደረሰበት ይቅርታ በሚያሰጥ ፍርሃት፣ ድንጋጤ ወይም የስሜት መነሣሣት ከሆነ ያለ ቅጣት ሊተወው ይችላል። የመከላከልን ወሰን አልፎ ሰው የገደለ በአንቀጽ 541 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል፤ የመከላከል ምክንያት ጨርሶ የለውም የተባለ ደግሞ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ስለት እዚህ ላይ ባለቤቱን ይጎዳዋል፤ የዱላ ምት አንድ ወይም ሁለት መሆኑን ማስረዳት ሲቻል፣ በሐኪም ማስረጃ ላይ የሚጻፈው የገጀራ ቁስል ብዛትና ጥልቀት ግን ስለ መታው ሰው አሳብ ብዙ ይናገራል።

ፍርድ ቤቱ በነጻ ቢያሰናብትም ነገሩ በጎጃም በዚያ አያበቃም። የሞተው ሌባ ወንድምና የአጎት ልጅ አለው፤ ምናልባትም ከሁለት ወንዝ ማዶ ባለ ቀበሌ የሚኖር፣ ሰውዬው ሲሰርቅ መሞቱን የማያምን ዘመድ አለው። ደም የፈሰሰበት ቤተሰብ ደመኛ ይሆናል፤ ሽማግሌ ገብቶ ደም እስኪያደርቅ ድረስም ገዳዩ ገበያ መውጣት፣ ማሳው ላይ ብቻውን መዋል፣ ልጁን ራቅ ወዳለ ትምህርት ቤት መላክ ይቸገራል። በሬ ለማዳን የተመዘዘ ጎራዴ በሬውን ሸጦ የደም ካሣ ያስከፍላል።

በሌሊቱ

ድምፅ ሲሰማ ከአልጋ ከመውረድ በፊት ማዳመጥ ይቀድማል። ከዚያ ባትሪው በግራ እጅ፣ ዱላው በቀኝ እጅ ይያዝና «ማነህ?» ተብሎ በጉልህ ይጠየቅ፤ ይህ ጥያቄ ዘመድን ከሞት ያድናል፤ ሌባው የተነቃበት መሆኑንም ይነግረዋል። ልጆች ከበሩ ወደ ራቀው ጥግ ይሰብሰቡ፤ አዋቂው በእነርሱና በበሩ መካከል ይቁም እንጂ ወደ ደጅ አይውጣ። ኡኡታው ይቀጥል፤ ስልክ ያለው ለፖሊስ ጣቢያው ወይም ለቀበሌው ሚሊሻ ይደውል፤ ቁጥሩ በቀን ተጽፎ በግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት፤ በዚያ ሰዓት ስልክ ውስጥ የሚፈልግ ጣት ይንቀጠቀጣል። ሌባው መሸሽ ከፈለገ የሚወጣበት በር አይዘጋበት፤ መውጫ ያጣ ሰው ነው የሚዋጋው። ከሸሸ አይከተሉት።

ሰው ከቆሰለ፣ ሌባውም ቢሆን፣ ደሙን ማቆም የሁሉም ግዴታ ነው። የጭን ትልቁ የደም ሥር የተቆረጠበት ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። በንጹሕ ነጠላ ወይም ጨርቅ ቁስሉን በኃይል ተጭኖ መያዝ ይቀድማል፤ ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ ጨርቁ ወደ ውስጥ ይሞላና ከላዩ ይጫኑት፤ ዐመድ፣ ቡና ወይም ጭቃ አይነስነሱበት። ደሙ ከእጅ ወይም ከእግር እየፈነጠቀ ካልቆመ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በመገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ በሰፊ ጨርቅ ይታሰርና በእንጨት ተጠምዝዞ ይጥበቅ፤ የታሰረበት ሰዓትም ይጻፍ። የሌላ ሰው ደም በቆሰለ እጅ እንዳይገባ የላስቲክ ከረጢት ቢሆን በእጅ ይጠለቅ። የጤና ጣቢያው አምቡላንስ ስልክ ከፖሊሱ ቁጥር ጋር ይለጠፍ፤ በዛገ ስለት የቆሰለም ያልዛገም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስፈልገዋል። ስለቱ ፖሊስ እስኪመጣ ከወደቀበት አይነሣ፤ አይታጠብም።

አሮጌውን ጎራዴ ማስቀመጥ

የአያት ጎራዴ ከዘበኝነት ሥራው ከተሰናበተ በኋላ እንዴት ይቀመጥ? ከአረቄና ከጠላ ጋር በአንድ ክፍል፣ ለሠካራም እጅ በሚመች ቦታ አይሰቀል፤ ጠብ በተነሣ ቁጥር መጀመሪያ የሚታየው እርሱ ነው። ልጆች በማይደርሱበት፣ በሚቆለፍ ሣጥን ይግባ። ስለቱን በድንጋይ ወይም በሞረድ አይሳሉት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና ከዚያም በኋላ አገራችን ከገቡት ስለቶች ብዙዎቹ ከአውሮፓ፣ ለምሳሌ ከጀርመኗ ዞሊንገን የመጡ ናቸው፤ በብረቱ ላይ የአንበሳ ሥዕል ወይም ጽሑፍ ያለባቸው አሉ፤ ይህ በሞረድ ከተፋቀ አይመለስም። እጀታው የአውራሪስ ቀንድ ከሆነ ደግሞ ለሽያጭ ወደ ውጭ ማውጣት የተከለከለ ነው። ዕድሜ ያለው ጎራዴ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ሊሆን ስለሚችል ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳየቱ ይጠቅማል።

ክረምቱ ሳይገባ፣ በግንቦት መጨረሻ ስለቱን ከአፎቱ አውጥተው በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ከዚያም የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በስሱ ቀብተው ከአፎቱ ውጭ በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡት፤ የቆዳ አፎት እርጥበት ስለሚይዝ የሐምሌና የነሐሴ ዝገት የሚመጣው ከእርሱ ነው። ቅቤ አይቀባም፤ ውስጡ ውሃ አለበት። በመስከረም አፎቱ በጥላ ሥር በነፋስ ደርቆ ስለቱ እንደ ገና ይጠረግና ይመለስበታል።